ሐዋሳ ሆኜ ጋዜጠኝነት መማር እፈልጋለሁ፣ የት ልግባ?

የታቦር ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ዘንድሮ 12ኛ የጨረስኩ የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ ሶሻል። ውጤቴ ማለፊያውን ተሻግሯል፣ ሪሚዲያል አልገባም፣ ግን የሚያስጨፍርም አይደለም። አሁን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙያ ሰዓት ስለደረሰ ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ የለም።

እኔ የምፈልገው ጋዜጠኝነት ነው። በተለይ ስፖርት። ሐዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና ሲገናኙ ቤታችን ለሁለት ይከፈላል፣ እኔ ግን የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቼ ራሴ ማስተላለፍ ነው የሚያምረኝ። (አዎ፣ ወንድሞቼ እብድ ይሉኛል።) አባዬ አካውንቲንግ ካልሆነ አይሰማም። እማዬ ደግሞ "የፈለግሽውን ተማሪ፣ ብቻ ከዓይኔ አትራቂ" ባይ ናት።

ሦስት መንገድ ይታየኛል። አንዱ እዚሁ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ መሙላት። ሌላው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና ስለሚሰጥ ልሞክረው ወይ እያልኩ ነው። ሦስተኛው እዚህ ከተማ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ነው። በራሪ ወረቀቱ ላይ ስቱዲዮ ውስጥ ካሜራ የያዙ ልጆች ፎቶ አለ፣ ሲያዩት ያጓጓል። አዳማ ያለችው አክስቴ ደግሞ "እኔ ጋ ነይ፣ እዚህም ትልቅ ዩኒቨርሲቲ አለ" ትላለች።

ቀጣሪ የተማርሽበትን ቦታ ስም ያያል ወይ? ስቱዲዮ መኖሩስ ያን ያህል ለውጥ አለው? ደግሞ አማርኛ ስጽፍ መምህሮቼ ያደንቁኛል፣ እንግሊዝኛዬ ግን ይንገዳገዳል። ያ ያስቸግረኛል? በፈጠራችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንገሩኝ።

ማይክና ቡና፦

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ማለፍሽን አታናንቂው። በ2014 ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ብቻ ነበር። በ2016ም ገና 5.4 ነው የደረሰው። ስለዚህ ጨፍሪ።

እኔ ሬዲዮ ጣቢያ ዜና ክፍል ነው የምሠራው። አዲስ የሚገቡ ልጆችን ጽሑፍ የማርመው እኔ ስለሆንኩ ነገሩን ከዚያ በኩል ነው የማየው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስትሞዪ ጋዜጠኝነትን እየመረጥሽ አይደለም፣ ግቢውን ነው የምትመርጪው። ፍሬሽማን ላይ ሁሉም የጋራ ኮርስ ይወስዳል፣ ዲፓርትመንት የሚመጣው ከዚያ በኋላ በጂፒኤ ተወዳድረሽ ነው። ስለዚህ የምትሞዪው ግቢ ውስጥ ዲፓርትመንቱ መኖሩን ቀድመሽ አጣሪ። ሐዋሳ አለ፣ አዲስ አበባ አለ፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐረማያ አሉ። ደግነቱ የሶሻል ልጅ መጀመሪያ የሚሻማው ሕግን፣ አካውንቲንግንና ኢኮኖሚክስን ነው። ጋዜጠኝነት ፈልጎ ለመጣ ተማሪ ቦታ አይጠፋም። ክፋቱ ደግሞ በዚያው ምክንያት ክፍሉ ውስጥ ሳይፈልገው የተመደበ ልጅ ይበዛል። ጋዜጣ አያነብ፣ ሬዲዮ አይሰማ፣ ዲግሪዋን ብቻ የሚጠብቅ። ከእነሱ ጋር አራት ዓመት ስትቀመጪ የራስሽ ወኔ እንዳይቀዘቅዝ ነው መጠንቀቅ ያለብሽ።

ስም ላልሽው፣ ቀጣሪ ሲቪ ሲያገላብጥ ያየዋል። ፈተና ላይ ስትቀመጪ ግን ይረሳዋል። እኛ ጋ አመልካች አንድ የጋዜጣዊ መግለጫ ወረቀት ይሰጠውና "ይህን ዜና አድርገህ አምጣ" ይባላል። ብዙው ልጅ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ "በዛሬው ዕለት ክቡር የቢሮ ኃላፊው በተገኙበት በድምቀት በተካሄደው መድረክ ላይ እንደተገለጸው..." ወዘተ። ዜናው አምስተኛው አንቀጽ ውስጥ ተቀብሯል። ከየትም ይምጣ፣ ከትልቅም ከትንሽም ግቢ፣ እንዲህ የሚጽፍ ልጅ ማንም አርሞት አያውቅም ማለት ነው።

አንድ ተለማማጅ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሄደህ ስለ ዓሣ ዋጋ ሠርተህ ና ብዬ ላክሁት። ይዞ የመጣው "የዓሣ ዋጋ መናር እንዳሳሰባቸው የሐዋሳ ከተማ ነዋሪዎች ገለጹ" የሚል ነው። የትኛው ነዋሪ? ስንት ነበር፣ ስንት ገባ? ቆሮሶ ነው አምባዛ? አስጋሪው ምን ይላል? ጾም ሊያዝ ሲል ዋጋ መውጣቱ የታወቀ ነው፣ አሁን ታዲያ ጾም ነው እንዴ? መልሼ ላክሁት። ሁለተኛ ሲመጣ አንዲት ዓሣ ጠባሽ ሴት አናግሮ ነበር፣ ቢላዋዋ ሲቆርጥ ድምፁ ተቀድቷል፣ ጠዋት የገዛችበትንና ከሰዓት የሸጠችበትን ነግራዋለች። ዜናው ከእሷ ጀመረ። በቃ፣ ያ ነው ትምህርቱ። ልጁ ሦስት ዓመት ከተማረው ይልቅ ያቺን ቀን ነው የሚያወራው።

ስለዚህ ግቢ ስትመርጪ አንድ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጊና "ባለፈው ሴሚስተር የጻፍሽውን ዜና አሳዪኝ" በያት። መምህሩ የሞነጫጨረበት ወረቀት ካወጣችልሽ ጥሩ ቦታ ነው። "እኛ ኖት ነው የምናነበው" ካለችሽ አስቢበት።

ዶርም 214፦

ማይክና ቡና ያለው እውነት ነው፣ ግን ከተማሪ ወገንም ስሚ። እኔ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አራተኛ ዓመት ነኝ። የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ ገና አልተመረቅኩም 😅

ካሜራ አለን። ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ነው፣ ሰውየው ስብሰባ ላይ ነው። ፎቶ ጆርናሊዝም ኮርስ ላይ አንዱን ካሜራ ለሙሉ ክፍል እያዞርን ነው የነካነው፣ ተራ ደርሶሽ ሌንሱን ሳታስተካክዪ "ቀጣይ!" ይባላል። የቪዲዮ ኤዲቲንግ የተማርነው ከዩቲዩብና ከሲኒየሮች ነው። ስለዚህ ስቱዲዮ አለ ወይ ብለሽ አትጠይቂ። ተማሪ ያለ መምህር ገብቶ ይሠራበታል ወይ ብለሽ ጠይቂ። የተማሪ ሥራ አየር ላይ የሚውልበት ቦታ ካለማ በጣም አሪፍ ነው፤ ጅማና ሐረማያ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ያላቸው ለዚህ ነው የማደንቃቸው።

እንግሊዝኛ ላልሽው፣ አዎ ያስቸግርሻል፣ ልዋሽሽ አልችልም። ኮርሱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ከ2015 ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፣ 50 ካላመጣሽ ዲግሪውን አታገኚም። የመገናኛ ብዙኃን ሕግና ሥነ ምግባር፣ የኮሙኒኬሽን ንድፈ ሐሳብ፣ የምርምር ዘዴ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው የሚመጣው። አስቂኙ ነገር ሥራ ስትገቢ ግን አንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ሳትጽፊ ዓመት ልታሳልፊ ትችያለሽ። አፓረንት (የተግባር ልምምድ) የወጣሁበት ጣቢያ የመጀመሪያ ሳምንት ላይ "ሊድ" (የዜናው መግቢያ)፣ "አንግል" (ዜናው የሚታይበት ጎን) እያልኩ ሳወራ የነበርኩ ልጅ "ከንቲባው ተናገሩ" ይባላል ወይስ "አስታወቁ"፣ ወይስ "አሳሰቡ" የሚለው ላይ ግማሽ ቀን ተቀመጥኩ። ይህን ማንም አላስተማረኝም። አንቺ አማርኛሽ ጥሩ ከሆነ ከብዙዎቻችን ትቀድሚያለሽ። ሲዳምኛ የምትችዪ ከሆነ ደግሞ ሐዋሳ ላይ እሱ ራሱ ሁለተኛ ዲግሪ ነው በይው።

እንግሊዝኛውን አሁን ጀምሪ። ክረምቱን በሙሉ።

ቀጥታ ልናገር፦

ሁላችሁም ልጅቷን ወደ ገደል እየመራችኋት ነው። ጋዜጠኝነት አራት ዓመት የሚማሩት ነገር አይደለም። ጋዜጠኛው ጳውሎስ ኞኞ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማረም፣ ግን አገር ሙሉ ጥያቄውን ለእሱ ነበር የሚልከው። ኢኮኖሚክስ ወይ ሕግ ተማሪ፣ ከዚያ ሚዲያ ግቢ። በጀት ማንበብ የሚችል ጋዜጠኛ የለንም፣ መጻፍ የሚችል ግን ሞልቷል። አባትሽም ሞኝ አይደሉም፣ አካውንቲንግ ያልሽው ነገር ክፋት የለውም። ሚዲያው ካልሆነ ባንክ አለ። ጋዜጠኝነት ተምረሽ ሚዲያው ካልሆነ ምን አለ? የወረዳ ኮሙኒኬሽን ቢሮ ገብቶ የአስተዳዳሪውን ፎቶ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ።

ለስፖርት ደግሞ ዲግሪ ምን ያደርጋል? ድምፅ ካለሽ አለሽ፣ ከሌለሽ የለሽም።

ማይክና ቡና፦

ወንድሜ፣ የኮሙኒኬሽን ቢሮዋ ላይ አልከራከርህም። ከእኔ ጋር የተመረቁት ግማሾቹ እዚያ ናቸው፣ ኑሯቸውም ከእኔ ይሻላል። ሕዝብ ግንኙነት ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ልጅቷም ቀድማ ብታውቀው ጥሩ ነው።

ጳውሎስን ግን አትጥራብኝ። ጳውሎስ አልተማረም የሚል ሁሉ ጳውሎስ ምን ያህል እንዳነበበ ይረሳል። ለአንባቢ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ስንት መጽሐፍ ያገላብጥ እንደነበር አስበው። ሰውየው ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ነበር እንጂ ዩኒቨርሲቲ የማያስፈልገው ሰው አልነበረም። ደግሞ ደራሲው በዓሉ ግርማን ለምን አታነሳም? በተማሪነቱ የግቢውን ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር፣ ከዚያ አሜሪካ ሚሺጋን ሄዶ ጋዜጠኝነት ተማረ፣ መጥቶ የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ ሆነ። እኔን የሚስበኝ ሚሺጋኑ አይደለም፣ የግቢው ጋዜጣ ነው። ክፍል ውስጥ ሆኖ እየሠራ ነበር።

ያኔ የነበሩት እዚህ አገር ዲግሪው ስላልነበረ ነው ሌላ የተማሩት፣ ነገሩ ስላልጠቀማቸው አይደለም። አዲስ ዘመን በ1933 ነው መታተም የጀመረው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋዜጠኝነትን በማስተርስ መስጠት የጀመረው 1996 ነው። በመሀል ስልሳ ምናምን ዓመት ጋዜጣው የታተመው በቋንቋ ምሩቆችና በልምድ ነው። አሁንም የሚገርሙኝ አርታኢዎች ብዙዎቹ ከሥነ ጽሑፍ የመጡ ናቸው። እና የታቦር ልጅ፣ ጋዜጠኝነት ባይደርስሽ አማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ቢደርስሽ አታልቅሺ።

የኢኮኖሚክሱ ነገር ላይ ግን ትክክል ነህ። ምርጫ ኮርስ ሲመጣ ሁሉም ቀላሉን ይሮጥለታል፤ እሷ ስታቲስቲክስ ወይ ኢኮኖሚክስ ብትወስድ ማንም አይደርስባትም።

የአዳማዋ እናት፦

ልጄ፣ የአክስትሽን ነገር ሳላርም ማለፍ አልቻልኩም። አዳማ ያለው ትልቁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ነው። ኢንጂነሪንግና ተፈጥሮ ሳይንስ ነው የሚሰጠው፣ ሶሻል አይቀበልም፣ ጋዜጠኝነትም የለውም። ድሮ አዳማ ዩኒቨርሲቲ እያለ ሌላ ትምህርትም ነበረው፣ አክስትሽ ያንን እያሰበች ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ለመማር ብለሽ ከመጣሽ የግል ኮሌጅ ነው የሚቀርሽ።

አዳማ ለጋዜጠኛ ከተማ አይደለችም እያልኩ አይደለም። የኦሮሚያው ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ኦቢኤን እዚሁ አለ፣ የልጄ ጓደኞች እዚያ ይሠራሉ። ግን አፋን ኦሮሞ አጥርተሽ ካልጻፍሽ በሩ ላይ ነው የምትቀሪው። ለአንቺ ቋንቋሽ ያለው ሐዋሳ ነው። እዚያ ደቡብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን አለ፣ ሲዳማ ክልል ከሆነ ወዲህ ደግሞ ሲዳማ ሚዲያ ኔትወርክ አለ። ከግቢ በባጃጅ የምትደርሺበት ጣቢያ እያለሽ ምን ፍለጋ ትሄጃለሽ? አዲስ አበባ ጣቢያ በሽ ነው፣ እውነት ነው፣ ግን ተለማማጁም በሽ ነው። እዚያ ወንበር ለማግኘት ወረፋ ነው፣ ትንሽ ከተማ ላይ ሰው ስለሚያጥር በሁለተኛ ሳምንትሽ መቅረጸ ድምፅ አስይዘው ይልኩሻል።

የግል ኮሌጁን በተመለከተ እኔ ልጄን አስመዝግቤ ስለማውቅ ልምከርሽ። ከመክፈልሽ በፊት የዕውቅና ፈቃዱን አሳዩኝ በያቸው። ፈቃዱን የሚሰጠው የትምህርትና ስልጠና ባለሥልጣን ነው። ለኮሌጁ በጅምላ አይሰጥም፣ ለእያንዳንዱ ትምህርት፣ ለእያንዳንዱ ካምፓስ ለየብቻ ነው። መደበኛውም ርቀቱም ለየራሱ ነው። አዲስ አበባ ቅርንጫፋቸው ጋዜጠኝነት ተፈቅዶለት ሐዋሳ ያለው ላይፈቀድለት ይችላል። ወረቀቱ ላይ የትምህርቱን ስም፣ የከተማውን ስምና ቀኑን እይ። ፎቶ የበዛበት በራሪ ወረቀት አያታልሽ። ስቱዲዮውን እንይ በያቸውና ማይኩ ላይ አቧራ ካለ መልስሽን አገኘሽ።

ደግሞ ለአባትሽ ተቆጥተሽ አትመልሺላቸው። ጊዜ ስጪያቸው።

ዶርም 214፦

እማማ ያሉት የፈቃዱ ነገር በጣም ትክክል ነው 👏 የሰፈሬ ልጅ ሦስት ዓመት ከፍሎ የመውጫ ፈተና ምዝገባ ላይ ስሙ የለም ተባለ።

አዲስ አበባን ግን አታጣጥሉባት። መምህራኑ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ከተማው ራሱ ትምህርት ነው። ሸገርንና ፋናን በስልክሽ ከመስማት ጣቢያቸው በር ላይ ደጅ መጥናት ይለያል። ፈተናውን ብትሞክሪው ምን ትከስሪያለሽ? ብቻ የቤት ኪራይና የምግብ ወጪ ቁጭ ብለሽ ከእናትሽ ጋር አስሊ። ሐዋሳ ከቤት ስትመላለሺ የቁርስና የምሳ ወጪሽ ዜሮ ነው፣ ያ ብር መቅረጸ ድምፅ ይገዛል።

የታቦር ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ። ትናንት የግል ኮሌጁ ጋ ሄድኩ። እትዬ እንዳሉኝ ፈቃዱን አሳዩኝ አልኳቸው። መዝጋቢዋ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አሳየችኝ። ሳነበው ማኔጅመንትና አካውንቲንግ ነው። የጋዜጠኝነቱ የታለ ስላት "በሂደት ላይ ነው፣ እስከምትመረቂ ይደርሳል" አለችኝ። ስቱዲዮውን እንይ ስል ቁልፍ የያዘው ሰው ምሳ ወጥቷል ተባልኩ 😂 ዶርም 214 አንተን አሰብኩህ።

ዩኒቨርሲቲውም ግቢ ገብቼ ሁለት ሦስተኛ ዓመት ልጆች አገኘሁ። አንዷ የታረመ ወረቀት አሳየችኝ፣ ቀይ በቀይ ነው፣ ግማሹን አላነበብኩትም። ሌላኛዋ ግን "ኖት ነው" አለችኝ። ይኸው አንድ ክፍል ሆነው። ምን ማለት ነው ይሄ?

ማይክና ቡና፦

መምህሩ ይለያያል ማለት ነው። ጎበዝ። ወረቀቷን ያሳየችሽን ልጅ የመምህሩን ስም ጠይቂያት፣ የሚያስተምረውን ኮርስ ሁሉ ተከታትለሽ ውሰጂ። መጥፎ መምህር የሚደርስሽ ሴሚስተርም ይኖራል። ያኔ ጽሑፍሽን ይዘሽ የሚያርምሽ ሰው ሌላ ቦታ ትፈልጊያለሽ፣ ጣቢያ ቅርብ መሆኑ የሚጠቅመው ያኔ ነው።

ደግሞ ልብ በዪ፣ ያ ሁሉ ነገር የተገኘው ሄደሽ ስለጠየቅሽ ነው። መዝጋቢዋን ያናገርሽበትን መንገድ ወድጄዋለሁ።

ቀጥታ ልናገር፦

እሺ፣ ተሸነፍኩ አልልም ግን ፈቃዱን ግድግዳ ላይ ያነበበች ልጅ ትሁን ጋዜጠኛ 😄 ኢኮኖሚክሱን ብቻ እንዳትረሺ።

የታቦር ልጅ፦

እሺ፣ ሐዋሳን አንደኛ ምርጫ አድርጌ እሞላለሁ፣ የአዲስ አበባውንም ፈተና እቀመጣለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ ለማይክና ቡና። ግቢ እስክገባ ክረምቱን ዝም ብዬ አልቀመጥም። አንድ ጣቢያ የስፖርት ክፍል ሄጄ "በነጻ ልለማመድ" ብላቸው ይሰሙኛል? ምን ይዤ ልሂድ? ሰርተፍኬት የለኝም፣ ማንንም አላውቅም።

ማይክና ቡና፦

ሰርተፍኬት አትያዢ። ድምፅ ይዘሽ ሂጂ።

አንድ ጨዋታ ምረጪ፣ የከነማም ይሁን የሰፈር ታዳጊዎች። ሜዳ ገብተሽ እዪው እንጂ ቲቪ ላይ አይደለም። ሊጉ በየከተማው እየዞረ ሲካሄድ ሐዋሳም አዳማም አስተናግደዋል፣ ዙሩ ሐዋሳ ሲደርስ ደግሞ ዕድሉ አያምልጥሽ። ሲያልቅ አንድ አሠልጣኝ ወይ አንድ ተጫዋች አናግሪና በስልክሽ ቅጂ። ስልኩን አፉ ሥር ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ያዢው፣ አለበለዚያ ትንፋሹ ነው የሚቀዳው። ቤት ገብተሽ ዘጠና ሰከንድ የሚሞላ ዘገባ ሥሪ። ውጤቱን መጀመሪያ በዪ። "ውድ አድማጮቻችን እንደምን ዋላችሁ" አትበይ፣ "ማራኪ ጨዋታ" አትበይ፣ "ኳስ ድቡልቡል ናት" ካልሽ እኔ ራሴ አጠፋዋለሁ። ማን አገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ እንዴት፣ ከዚያ የሰውየው ድምፅ ይግባ፣ በቀጣይ ከማን ጋር እንደሚጫወቱ ነግረሽ ውጪ።

ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ሥሪና የስፖርት አዘጋጁን ስም ጠይቀሽ ሂጂ። ጠዋት አትሂጂ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው። ፕሮግራሙ አልቆ ከስቱዲዮ ሲወጡ ያዢያቸው። "ሁለት ደቂቃ ይስሙኝ" በዪና አሰሚ። አንዱ እምቢ ይልሻል፣ ሌላው ጋ ሂጂ። የተጫዋቾቹን ስም ብቻ አጣሪ፣ የአባት ስም ጭምር። እሱን ከሳትሽ የቀረውን አይሰሙልሽም።